የድንች አንገት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሞጣ፣ ጎረቤቴ ለውሻዋ ሳንባ ስትቀቅል ሽታው በመስኮት ገባ። የተቀቀለ ሳንባ ደስ የሚል ሽታ የለውም። ብረት ብረት ይላል፤ ሲቆይ ደግሞ በደንብ ያልደረቀ ጨርቅ ይሸታል። ባለቤቴ መስኮቱን ሊዘጋ ሲነሣ "ተወው፣ ክፍት ይሁን" አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝና ተመልሶ ተቀመጠ። የእኔ ልብ ቢቸና ሄዶ ነበር፤ አራተኛ ክፍል ወደተማርኩበት ዓመት።

በዚያ ዓመት እናቴ ታማ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኛች። አባቴም ሊያስታምማት አብሯት ስለሄደ እኔን ቢቸና ለሚኖሩት ለታላቅ እህቱ አደራ ሰጠኝ። እናቴ ከፋሲካ በኋላ ድና ወደ ቤቷ ገብታለች፤ ስለ እሷ አትጨነቁ። የምነግራችሁ ስለ አክስቴና ስለ አንድ ውሻ ነው።

አክስቴን እትዬ ዘውዴ ነበር የምላቸው። ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት አንደኛ ክፍል ብቻ ነው። ይህን ስሰማ ሁለተኛ ክፍል ማለፍ አቅቷቸው የቀሩ መስሎኝ በጣም አዘንኩላቸው። አንድ ቀን ምስር ሲለቅሙ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ "እትዬ፣ ማባዛት ላስጠናዎት?" አልኳቸው። ሳይስቁ "እስቲ አስጠኚኝ" አሉኝ። የሁለትን፣ የሦስትን፣ የአራትን እያልኩ ስመራ በትዕግሥት ከኋላዬ እየተከተሉ አሉልኝ። ስጨርስ ከቀሚሳቸው ኪስ የተቆላ ሽምብራ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። እኔ ነኝ አስተማሪዋ፣ ለምን ለእኔ እንደሚሰጡኝ አልገባኝም። በማግስቱ ግን ሳይጠሩኝ የአምስትን ላስጠናቸው ሄድኩ።

ድንችን ያገኘነው በጥምቀት ማግስት ነው። እህል ልናስፈጭ ሄደን ወረፋው ረዘመና እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዞርኩ። ጆንያዎች ተቆልለው ነበር። አንዱ ድንች የሞላ ስለመሰለኝ ልቀመጥበት ስል አቃሰተ።

"እትዬ! ድንቹ ያለቅሳል!" ብዬ ጮህኩ። ስሙ ከዚያው ቀረ።

ጆንያ የመሰለኝ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ውሻ ነው። አንገቱ ላይ ሽቦ ነበር። ቡችላ ሳለ አንድ ሰው በሽቦ አስሮት፣ ውሻው ሲያድግ ሽቦው አላደገም። ቆዳውን በጥሶ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ ዙሪያው መግል ይዟል። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩትና ዱቄታቸውን ሳይጠብቁ ወደ ሀብታሙ ሰደዱኝ። ሀብታሙ ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ከተማው ሁሉ "ዶክተር" ይለዋል፤ እትዬ ግን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ስለሆኑ "አንተ ሀብታሙ" ነው የሚሉት። መጣና የሚያስተኛ መድኃኒት በሥጋ ውስጥ ደብቆ ሰጠው። ውሻው ደንዝዞ ሲተኛ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጠለት። ቁስሉን አጥቦለት በጆንያ ተሸክመን እትዬ ማገዶ ቤት አስገባነው።

በማግስቱ እትዬ ቅባት ሊቀቡት እጃቸውን ወደ አንገቱ ሲሰዱ አይበሉባቸው ላይ ነከሳቸው። ጤና ጣቢያ ሄደው መርፌ ጀመሩ። ሀብታሙም የእብደት ምልክት ያሳይ እንደሆነ ብሎ በየቀኑ እየመጣ ውሻውን ያየው ነበር። አላበደም። እጅ ወደ አንገቱ ሲመጣ ብቻ ነው የሚነክሰው።

ያን ሰሞን አያ ደምለው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። አያ ደምለው ጎረቤታችን ናቸው፤ ዋናው መንገድ ላይ ሥጋ ቤት አላቸው።

"እትዬ ዘውዴ፣ ይሄኮ አውሬ ነው" አሉ። "ሁለት ሦስት ዱላ ቢቀምስ ግን ሰው ይሆናል።"

"ዱላማ ቀምሷል" አሉ እትዬ፣ እጃቸው ላይ ያለውን ፋሻ እያጠበቁ። "ዱላ የሚያስተምር ቢሆን ይሄ ውሻ እስካሁን ዲግሪውን ይዞ ነበር። እኔም ስቀጠር አለንጋ ነበረኝ፣ ደምለው። በአለንጋ ያስተማርኳቸው ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። በሽምብራ ያስተማርኳቸው ግን ሮጠው መጥተው ይስሙኛል። ይልቅስ ሳንባ ካለህ ስጠኝ።"

ሳንባ እኛ አገር ሰው አይበላውም፤ ለውሻና ለድመት ነው የሚሰጠው። አያ ደምለው እየሳቁ በፌስታል ሞልተው ሰጡን። እትዬ ቀቅለው የባቄላ ፍሬ በሚያክል መጠን ከተፉት። ግማሹን እሳቸው ኪስ፣ ግማሹን እኔ ኪስ ከተትነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹራቤ፣ ደብተሬ፣ ጣቶቼ ሁሉ ሳንባ ሳንባ ይሸቱ ጀመር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀየረች።

ሀብታሙ ስልኩ ላይ የፈረንጅ ውሻ ሲሠለጥን አሳየን። "ዋናው ጊዜው ነው፣ እትዬ" አለ። "ደህና ነገር ባደረገ ቅጽበት አንድ ቃል ይበሉ። ሁልጊዜ ያችኑ ቃል። ወዲያው ሥጋውን ይስጡት። ያልፈለጉትን ሲያደርግ አይቆጡት፣ ዝም ብለው ይከልክሉት። ከፈራ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሱና ከሚያውቀው ይጀምሩ።"

"ይሄንን ለማወቅ ስልክ መክፈት ነበረብህ?" አሉት እትዬ። "አንተን 'ሀ' ያስያዝኩህ እንዴት ይመስልሃል?" ቃል መፈለግም አላስፈለጋቸውም። ለአንደኛ ክፍል ልጆች የሚሉት "ጎሽ!" ነበር፤ ለድንችም "ጎሽ!" ሆነ።

ከማገዶ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠን ጀመርን። ድንች ከጥጉ ቀና ብሎ ካየን "ጎሽ!" ይላሉ፣ ቁራጭ ሳንባ ይወረውሩለታል። ሌላ ነገር የለም። እኔ ትምህርት ማለት ውሻው በሁለት እግሩ ቆሞ ሰላምታ ሲሰጥ መስሎኝ ስለነበር ተሰላቸሁ። ማየት ብቻ ምን ትምህርት አለው? በኋላ ግን ማገዶ ልወስድ ብቻዬን ስገባ ድንች ቀና አለና ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ ከዚያም ልክ የቤት ሥራውን እንደጨረሰ ልጅ ጠበቀኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። "ጎሽ!" ብዬ ኪሴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰጠሁት።

ከማየት ወደ መቅረብ፣ ከመቅረብ እጅ ወደ ማሽተት ተሸጋገርን። አንድ እሑድ የእትዬ የድሮ ባልደረባ የነበሩ መምህር ሊጠይቋቸው መጡና እኔን "አክስትሽ ጓሮ ምን እየሠሩ ነው?" አሉኝ። "ውሻውን ጉቦ እያበሉት ነው" አልኳቸው። አባቴ ሁልጊዜ ጉቦ የሚባል ነገር ሲሰጥ ሰው እሺ እንደሚል ይናገር ስለነበር ያ ራሱ መስሎኝ ነው። መምህሩ ስቀው ሊሞቱ ሆነ። እትዬ ግን እንደ ጥያቄ ወስደው መለሱልኝ።

"ጉቦ ሥራው ሳይሠራ አስቀድሞ የሚሰጥ ነው፣ ውቤ። ድንች አስቀድሞ ይሠራል፣ ከዚያ ይበላል። የእሱ ደመወዝ ነው።"

ሁዳዴ ሲቃረብ ሥጋ ቤቶች ሊዘጉ ሆነ። እትዬ ከአያ ደምለው የመጨረሻውን ሳንባ ሰብስበው ቀቀሉና እንደ ቋንጣ በገመድ ላይ ሰቀሉት። ጾሙ ገብቶም ቤታችን መሽተቱን አልተወም። ከኪዳን የሚመለሱ አንዲት ጎረቤት በራፋችን ላይ ቆመው "ዘውዴ፣ አፍንጫዬ ነው ወይስ ከቤትሽ ሥጋ ይሸታል?" አሉ።

"አፍንጫሽ ደህና ነው" አሉ እትዬ። "ውሻው አልተጠመቀም፤ አይጾምም።"

እኔ ግን ጨነቀኝ። በዚያ ዓመት ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ስድስት ሰዓት እንድጾም የተፈቀደልኝ። ሥጋ በኪስ ይዞ መዋል ጾሙን ያፈርሰዋል ብዬ ስለፈራሁ፣ የእትዬ የነፍስ አባት ቤት ሲመጡ መስቀል ተሳልሜ ጠየቅኳቸው።

"አባ፣ ኪሴ ውስጥ ሥጋ አለ። ጾሜ ፈረሰ?"

"ለማን ነው ሥጋው?"

"ለድንች ነው፣ አባ።"

ሽማግሌው ግራ ተጋቡ። "ድንችኮ የጾም ምግብ ነው፣ ልጄ። ምን ብለሽ ነው ከሥጋ ጋር የምትቀላቅዪው?"

"አልቀላቅለውም፤ እሱ ራሱ ነው የሚበላው።"

አባ ወደ እትዬ ዞረው "ይቺን ልጅ ሐኪም አይቷታል?" አሉ። እትዬ እስኪያስረዷቸው ድረስ ድንች ራሱ መጥቶ የእኔን ኪስ ማሽተት ጀመረ። አባ አዩት፣ ቁስሉንም አዩ። "ወደ አፍሽ እስካልሄደ ድረስ እጅሽ አይገድፍም" ብለው ባረኩኝ።

ከደብረ ዘይት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። አንድ ያበደ ውሻ ገበያ መሐል ገብቶ ሰዎች ነከሰ፤ ከመካከላቸው ሕፃን ነበረበት። ከተማው ደነገጠ። ባጃጅ ላይ ድምጽ ማጉያ ተጭኖ በየሰፈሩ ዞረ። በሚቀጥለው ሳምንት የውሻ ክትባት ይሰጣል፤ ሰው ውሻውን አስሮ ያምጣ፤ የተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ ምልክት ይደረግለታል፤ ያን ቀን ከመሸ በኋላ ምልክት የሌለውና ውጭ የተገኘ ውሻ ይወገዳል።

"ይወገዳል" ማለት ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል ማለት መሰለኝ። ከሞጣ ስመጣ መኪናችን ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ሲቀይር ወርደን ነበር። ጫፉ የማይታይ ሜዳ አይቻለሁ። ውሾቹን በአይሱዙ ጭነው እዚያ የሚበትኗቸው አድርጌ አሰብኩት።

"ታዲያ ድንችን ጉንደ ወይን ቢወስዱት ምን አለበት?" አልኳቸው እትዬን። "ሜዳው ሰፊ ነው፤ እንደ ልቡ ይሮጣል።"

እትዬ የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ። ውሸት አያውቁም ነበር፤ ለልጅም ቢሆን።

"ወደ የትም አይወስዷቸውም፣ ልጄ። መርዝ ያለበት ሥጋ መንገድ ላይ ይጣላል። የበላ ይሞታል።"

ድንች እግራችን ሥር ተኝቶ ነበር። ሥጋ የያዘ እጅ ደግ ነው ብለን ያስተማርነው እኛ ነን። አጥራችን የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ድንች ሲፈልግ በሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ካላሰርነው አይድንም፤ ለማሰር ደግሞ አንገቱን መንካት አለብን።

በዚያኑ ዕለት እትዬ የአሮጌ ቦርሳዬን ቀይ ማንገቻ ቆርጠው ዘለበት ሰፉበት። ቁስሉን እንዳይነካ ሰፋ አደረጉት። መሬት ላይ አስቀመጡትና ድንች ቀርቦ ሲያሸተው "ጎሽ!" አሉ። በቀጣዩ ቀን በእጃቸው ያዙት። ቀጥሎ እንደ ቀለበት አድርገው ዘረጉና ሳንባውን ከቀለበቱ ማዶ አሳዩት። ድንች ዞሮ ሊበላ ሞከረ፤ እትዬ ዘወር አሉ። በላይ በኩል ሞከረ፤ እትዬ ዘወር አሉ። አፍንጫውን ብቻ በቀለበቱ ውስጥ ሲያስገባ "ጎሽ!"። እኔ ቸኩዬ ማንገቻውን ወደ ጆሮው ልገፋለት ስል እጄን ያዙኝ።

"አንቺ አታስገቢለት። ራሱ ያስገባ።"

"ቀኑ ቢደርስብንስ?"

"ቢደርስም። እኛ ካስገባንለት ሽቦ ነው። ራሱ ካስገባው ነው ማንገቻ የሚሆነው።"

አፍንጫው ገባ፣ ከዚያ ዓይኑ፣ ከዚያ የተቀደደው ጆሮው። አንድ ጠዋት ጭንቅላቱን በሙሉ አሳልፎ፣ ማንገቻው አንገቱ ላይ ተኝቶ፣ ቀና ብሎ ጠበቀን። መላ አካሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን አልሸሸም። እትዬ "ጎሽ" ብለው በእጃቸው የነበረውን ሳንባ ሁሉ ሰጡት። አያ ደምለው በአጥሩ ላይ ሆነው ያዩ ነበር። ከዚያ ወደ ቤታቸው ገቡ።

የክትባቱ ቀን ሜዳው በውሻ ተሞልቶ ነበር። ብዙዎቹ በጠፍር፣ በገመድ፣ አንዳንዱ በሰንሰለት እየተጎተቱ ነው የመጡት። ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። ድንች በእትዬ ጎን እየተጠጋ በደህና ደረሰ። ወረፋችን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረን አንድ ጎረምሳ አንድ ጥቁር ውሻ በሽቦ አንቆ እየጎተተ በአጠገባችን አለፈ። ውሻው ትንፋሽ አጥሮት አጓራ። ድንች ሽቦውን አየ። ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ሰፊው ማንገቻ በጭንቅላቱ ሾልኮ ወጣ፣ ውሻችን በሰው እግር መካከል ጠፋ።

ልሮጥ ስል እትዬ ክንዴን ያዙኝ። "የሚያሳድደው ሰው ያለ አይምሰለው" አሉ። ሀብታሙ ከመርፌው ቀና ብሎ "እስከ ማታ እዚሁ ነኝ፣ እትዬ፤ ፈልጉት" አለን።

ወፍጮ ቤቱን አየን፣ መናኸሪያውን ዞርን፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ፈለግን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከከተማው መውጫ፣ ከመንገዱ ሥር ካለው ደረቅ የውሃ ቱቦ ውስጥ ሁለት ጥንድ ዓይኖች አየሁ። አንዱ ድንች ነው። ሌላዋ ነጭ ሴት ውሻ ናት፤ ጎኑን ተጠግታ ተኝታለች።

"ድንች! ና!" አልኩ። አልተነቃነቀም። ሳንባ ወረወርኩ። ነጯ በላችው።

እትዬ ከቱቦው አፍ ራቅ ብለው አቧራው ላይ ተቀመጡ። በበዓል እንኳ ቀሚሳቸው አፈር እንዳይነካ የሚጠነቀቁ ሰው ናቸው። ማንገቻውን እንደ ቀለበት ዘርግተው ያዙ፣ ዓይናቸውንም ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሱ። እኔንም አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ይመሻል እኮ እትዬ" አልኩ እያለቀስኩ።

"አውቃለሁ። ዝም በይ፣ አትዩው።"

ሰው ከሜዳው ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር። አንዳንዱ ቆሞ አየን፤ አንዷ "ዘውዴ አበደች" ስትል ሰማሁ። እትዬ እጃቸው መዛል ስለጀመረ በሌላኛው እጃቸው ክንዳቸውን ደገፉ። ከኋላዬ ጠጠር ሲንቋቋ ሰማሁ። አልዞርኩም። እርጥብ አፍንጫ ክርኔን ነካ፣ አለፈኝ፣ ወደ እትዬ ሄደ። ድንች ማንገቻውን አሸተተ። ከዚያ ጭንቅላቱን አስገባ። አፍንጫ፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ አንገት።

እትዬ ዘለበቱን በአንድ ቀዳዳ አጠበቁት። ድንች አልነከሰም።

ነጯን በቀረን ሳንባ ለመንናት። የወረወርንላትን በላች፤ ከቱቦው አፍ ግን አልወጣችም። ገመድ ልንጥልባት ብንሞክር በዚያኛው ጫፍ ትወጣለች፤ ሰውም ይዟት አያውቅም። "እሷን ለማስተማር ቀን ያስፈልገናል" አሉ እትዬ። ቀን አልነበረንም። ሜዳው ላይ ስንደርስ ሀብታሙ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። ድንችን ወጋውና ማንገቻው ላይ ምልክቱን አሰረለት። ያን ሌሊት ድንች እግሬ ሥር ታስሮ አደረ።

ጠዋት ከተማው ጸጥ ብሎ ነበር። ድንች በሩን መቧጨር ሲጀምር እትዬ ገመዱን ያዙ። "አንቺ ቅሪ" አሉኝ፤ አልቀረሁም። ድንች እየመራ ወደ ከተማው መውጫ ወሰደን። ነጯ ከቱቦው አፍ ላይ ተዘርግታ ነበር፤ አፏ ላይ አረፋ ደርቋል። ድንች አሸተታት። ጆሮዋን በአፍንጫው ገፋ አደረገ። ከዚያ አጠገቧ ተኛና አገጩን መሬት ላይ አሳረፈ።

ኪሴ ውስጥ አንድ ቁራጭ ቀርቶኝ ነበር። አፉ ሥር አቀረብኩለት፤ አላየውም።

"ወደ ኪስሽ መልሺው" አሉ እትዬ።

"አይነሣማ!"

"አውቃለሁ። አሁን ምንም አድርግ አንለውም።"

መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ገመዱ እጃቸው ላይ ላልቶ ነበር። አያ ደምለው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በዚያ አለፉ። ቆሙ፤ ነጯን አዩ፣ ድንችን አዩ። ትንሽ ቆይተው ከእትዬ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሥጋ ቤታቸው ለጾሙ ዝግ ነው፣ የሚቸኩሉበት አልነበራቸውም። ፀሐይ የባሕር ዛፉን ጫፍ አልፋ ጀርባችንን ማሞቅ ጀመረች፤ የመጀመሪያው መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ወደ ሞጣ አለፈ።

ከዚያ በኋላም ብዙ ቆይቶ ድንች ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ወደ ቤታችን አቅጣጫ ዞሮ ቆመ። እትዬ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። እሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ሄድን።